‹ማረሚያ ቤት› እና ‹ታራሚ›፦ በእስራት ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምራቸው ሁለት ቃላት በየዕለቱ በችሎት፣ በጋዜጣና በራዲዮ የሚሰሙ ናቸው፤ ‹ማረሚያ ቤት› እና ‹ታራሚ›። ሁለቱም በተለይ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ጽሑፎች ውስጥ የ‹ወህኒ ቤት›ንና የ‹እስረኛ›ን ቦታ እየያዙ መጥተዋል። አንድ ቃል በሌላ ሲተካ ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ዐዲሱ ቃል ከቋንቋው የአመሠራረት ሥርዓት ጋር ይስማማል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ነባሩ ቃል ይሸከመው የነበረውን ትርጕም ዐዲሱ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይሸከማል ወይ የሚል ነው። እኛ ለመጀመሪያው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ‹አዎን› ሲሆን ለሁለተኛው የምንሰጠው ‹አይደለም› ነው። ምክንያቱንም ከዚህ በታች በተራ እናቀርባለን።

፩. ስለ ‹አሰረ›

የእስራት ቃላት ሁሉ ግንድ ‹አሰረ› ነው። ግሱ በግእዝም አለ፤ በዕብራይስጥና በዐረብኛም አቻ አለው፤ መሠረታዊ ትርጕሙም መጠፈር፣ በገመድ ወይም በሰንሰለት መያዝ ነው። ግእዝ ለወህኒ ‹ቤተ ሞቅሕ› የሚል ስም ሲኖረው፣ ይህም ‹ሞቅሐ› ከሚለውና ማሰርን ከሚያመለክተው ግስ የወጣ ነው። ስለዚህ ቤቱን በማሰሪያው መጥራት በእኛ ዘንድ የቆየ ልማድ መሆኑን እናያለን።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር በቅድሚያ እናስታውስ። ቃሉ አልፎ አልፎ በንጉሡ ‹ሠ› ‹እሥራት› ተብሎ ይጻፋል። ንጉሡ ‹ሠ› የሚገባው ለ‹ዐሥር› እና ከእርሱ ለወጣው ‹ዐሥራት› ነው፤ ይህም ከዐሥር አንዱን እጅ መስጠት ማለት ነው። የ‹አሰረ› ፊደል ግን እሳቱ ‹ሰ› ስለ ሆነ ‹እስር›፣ ‹እስራት›፣ ‹እስረኛ› ተብሎ መጻፍ ይኖርበታል።

አሁን ወደ ትርጕሙ እንመለስ። በዐማርኛ የሚታሰረው ሰው ብቻ አይደለም። በሬ ይታሰራል፤ ነዶ ይታሰራል፤ ጎመን በእስር ይሸጣል፤ ጫማ ማሰሪያ አለው። የሰዋስው መምህራን እንኳ ዐረፍተ ነገሩን የሚቋጨውን ግስ ‹ማሰሪያ አንቀጽ› ይሉታል። ከእነዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ‹ታሰረ› የሚለው ቃል በታሳሪው ላይ የተፈጸመውን ድርጊት ብቻ የሚናገር መሆኑን ነው። በሬው ስለ ምን ታሰረ፣ አጥፍቶ ነው ወይስ እንዳይጠፋ ተብሎ ነው፣ ቃሉ አይነግረንም። ስለ ሰውም ቢሆን እንዲሁ ነው። ‹እገሌ ታስሯል› ሲባል በዳይ ይሁን ተበዳይ፣ ተፈርዶበት ይሁን ተጠርጥሮ፣ በሕግ ይሁን በግፍ ገና አልታወቀም። ይህ የቃሉ ዝምታ ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ በእኛ አስተያየት ግን ዋነኛ ጥቅሙ እርሱ ነው። ፍርድን ለፈራጅ ትቶ የሆነውን ብቻ ይናገራልና።

፪. ከቦታና ከባዕድ የመጡ ስሞች

ከ‹አሰረ› ቤተሰብ ውጪ ያሉት የእስራት ቃላት አብዛኛዎቹ ከቦታ ስም ወይም ከውጭ ቋንቋ የተገኙ ናቸው። ከሁሉ የሚቀድመው ‹ወህኒ› ነው። ወህኒ በጎንደር አካባቢ የሚገኝ አምባ ሲሆን፣ በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት (1624–1660 ዓ.ም.) የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጠበቁበት ስፍራ ሆኖ ነበር። ከእርሱ በፊት ለዚሁ ጉዳይ ያገለግል የነበረው በአምባሰል የሚገኘው አምባ ግሸን ነው። ግሸን ግን የተራ እስር ቤት መጠሪያ ሳይሆን ቀርቶ ስሙ ከመስቀሉና ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ጸንቷል፤ ወህኒ ደግሞ ተራራነቱ ተረስቶ የእስር ቤት ሁሉ የወል ስም ሆኗል። የትርጕሙ ለውጥ ምን ያህል እንደ ራቀ የሚያሳየን አብሮት የሚነገረው ግስ ነው። የነገሥታቱ ልጆች ወደ አምባው ይወጡ ነበር፤ ዛሬ ግን ‹ወህኒ ወረደ› እንጂ ‹ወህኒ ወጣ› የሚል የለም።

‹ወረደ› የሚለው ግስ ከሌላም ቃል ጋር ይነገራል፤ ይኸውም ‹ዘብጥያ ወረደ› የሚለው ነው። ‹ዘብጥያ› በቱርክና በዐረብ አገሮች የጸጥታ ጠባቂን ከሚያመለክተው ቃል የመጣ ሲሆን፣ በዐማርኛ ከጠባቂው ወደሚጠበቅበት ቤት ተሸጋግሯል። ‹ከርቸሌ› ደግሞ የጣሊያንኛው ‹ካርቸሬ› ነው። በአዲስ አበባ ከርቸሌ ይባል የነበረው እስር ቤት ‹ዓለም በቃኝ› በሚልም ስም ይታወቅ ነበር፤ በቦታው ላይ በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። ‹ዓለም በቃኝ› በመሠረቱ የመናኝ ቃል ነው። መናኙ ወድዶና ፈቅዶ የሚናገረውን፣ ሕዝቡ ሳይወድ ከዓለም ለተለየው ሰው አውሶታል። በዚህ ስም ውስጥ ያለውን መራራ ቀልድ የማይሰማ የዐማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለንም።

በዚሁ ረድፍ ‹ግዞት› እና ‹ቁራኛ› ሊጠቀሱ ይገባል። ግዞት ሰውን ከአገሩና ከወገኑ አርቆ በአንድ ስፍራ መወሰን ነው። ልጅ ኢያሱ በፍቼ፣ በኋላም በጋራ ሙለታ የተቀመጡት በግዞት ነው፤ ከየካቲት 1929 ዓ.ም. በኋላ ጣሊያን ወደ ዳናኔና ወደ አዚናራ ያጋዛቸው ኢትዮጵያውያንም ግዞተኞች ይባላሉ። ‹ግዞት› ‹ተጋዘ› ከሚለው ግስ ጋር የሚነገር ስለ ሆነ፣ ከ‹ገዘተ› ከወጣው ‹ግዝት› ጋር መደባለቅ የለበትም። ቁራኛ ደግሞ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ባለ ዕዳ፣ ከዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ አንድ ላይ የሚተሳሰሩበት የቀድሞ ሥርዓት ነበር። ሥርዓቱ ቀርቶ ‹በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ› የሚለው አነጋገር ተርፎናል። በቁራኛ ከሳሹም እንደ ተከሳሹ መታሰሩን ልብ ይሏል፤ መታሰር የጥፋተኛነት ምልክት እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

፫. ስለ ‹አረመ›

‹ማረሚያ› እና ‹ታራሚ› የወጡት ‹አረመ› ከሚለው ግስ ነው። ግሱ በዐማርኛ ሁለት የታወቁ አገባቦች አሉት። ገበሬ ማሳውን ያርማል፤ ይህም ከሰብሉ መካከል አረሙን መንቀል ነው። መምህር ወይም አራሚ ጽሑፍን ያርማል፤ ይህም ስሕተቱን አውጥቶ ትክክለኛውን ማግባት ነው። ከዚህ ‹እርማት› እና ‹እርምት› የሚሉት ስሞች ይወጣሉ። ከግእዙ ‹ሐረመ› የመጣው ‹እርም› ግን የሌላ ቤተሰብ ቃል ነው።

በአመሠራረት ረገድ ‹ማረሚያ› እንደ ‹ማከሚያ› እና እንደ ‹ማተሚያ› የመሣሪያና የቦታ ስም ነው፤ ‹ታራሚ› ደግሞ እንደ ‹ታካሚ› የተደራጊ ስም ነው። ስለዚህ ከሰዋስው አኳያ ነቀፋ የለብንም። የምንነቅፈው በትርጕሙ ውስጥ ያለውን የታመነ ነገር ነው። የሚታረም ነገር ሁሉ አስቀድሞ ጉድለት ያለበት መሆን አለበት። አረም የሌለበት ማሳ አይታረምም፤ ስሕተት የሌለበት ጽሑፍ ይነበባል እንጂ አይታረምም። እንግዲህ አንድን ሰው ‹ታራሚ› ማለት ጥፋቱን እንደ ተረጋገጠ ነገር አድርጎ መናገር ነው። ‹እስረኛ› ስለ ጥፋት ዝም ሲል ‹ታራሚ› ግን ይፈርዳል።

ይህ ግስ ለጥፋተኞች የዋለው ዐዲስ ሆኖ አይደለም። ለወጣት አጥፊዎች የተቋቋመው ቤት ‹የጠባይ ማረሚያ› ይባላል። በዚህ ስያሜ ውስጥ የሚታረመው ነገር ተለይቶ ተጠርቷል፤ እርሱም ጠባይ ነው። ልጁ ራሱ አረም አልተባለም፤ አረሙ ያለው በጠባዩ ነው። ቃሉ ለአዋቂዎች ቤት ሲውል ግን ‹ጠባይ› የሚለው ወድቆ ‹ማረሚያ ቤት› ብቻ ቀረ፤ የሚታረመውም ሰውዬው ራሱ ሆነ። አንድ ቃል በመጣሉ የተነሣ የስያሜው ትክክለኛነት እንደ ቀነሰ እናምናለን።

፬. የአገባብ ፈተና

የአንድ ስያሜ ጥንካሬ የሚታወቀው በዘመዶቹ መካከል ሲፈተን ነው። ‹ታራሚ› በሦስት ፈተናዎች ይወድቃል።

አንደኛ፣ ቅጣቱ ራሱ ስሙን አልለወጠም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ነፃነትን የሚያሳጣውን ቅጣት ‹ቀላል እስራት› እና ‹ጽኑ እስራት› ብሎ ይከፍለዋል። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ሲደርስ፣ ጽኑ እስራት ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ነው፤ ሕጉ በግልጽ በደነገገበት ጊዜም የዕድሜ ልክ ይሆናል። ‹የ5 ዓመት ጽኑ እርማት› ወይም ‹የዕድሜ ልክ እርማት› የተፈረደበት ሰው የለም። እንግዲህ ፍርዱ እስራት፣ ቤቱ ማረሚያ፣ ሰውየው ታራሚ ሆኖ፣ አንዱ ነገር ከሁለት የማይዛመዱ ግሶች በወጡ ስሞች ይጠራል።

ሁለተኛ፣ ተቃራኒው ግስ አልተለወጠም። የታሰረ ይፈታል። ዜና አንባቢው ‹ታራሚዎች በይቅርታ ተፈቱ› ይላል። የታረመ ጽሑፍ ይታተማል፤ የታረመ ማሳ ይታጨዳል፤ ሁለቱም አይፈቱም። ‹ተፈቱ› የሚለው ግስ በ‹ታራሚ› ሥር የተደበቀውን እስረኛ ያጋልጠዋል። ‹ማረሚያ ቤት ወረደ› የሚለው የተለመደ አነጋገርም እንዲሁ ነው፤ የስፍራው ስም ቢለወጥም ግሱ የወህኒውን ይዞ ቀርቷል።

ሦስተኛ፣ ‹ታራሚ› የማይገባባቸው ስፍራዎች ብዙ ናቸው። ‹የፖለቲካ እስረኛ›፣ ‹የኅሊና እስረኛ›፣ ‹የቁም እስረኛ› እንላለን። ‹የኅሊና ታራሚ› ለማለት የሚደፍር የለም፤ ኅሊናው የሚታረምለት ሰው እንዳለ ማመን ይሆናልና። ተናጋሪው ሕዝብ ያለ አስተማሪ ይህን ልዩነት ጠብቆታል።

በዚሁ ላይ ‹የሕግ ታራሚ› የሚለውን ጥምር ስም እናክል። ‹የሕግ› የሚለው ቅጽል እዚህ ምን ያገለግላል? የሕግ ባለሙያ ሕግን የሚያውቅ ነው፤ የሕግ ተማሪ ሕግን የሚማር ነው። የሕግ ታራሚ ሕግን የሚያርም ነው ወይስ በሕግ የሚታረም? ‹ታራሚ› ብቻውን ግልጽ ቢሆን ኖሮ ይህ ድጋፍ ባላስፈለገው ነበር።

፭. ነገሩ ለምን ይከብዳል

አንባቢ ‹ስም ቢለዋወጥ ምን ይጎዳል?› ሊል ይችላል። የሚጎዳበትን ስፍራ እናሳይ። ‹ተከሳሹ ማረሚያ ቤት ሆኖ ጉዳዩን እንዲከታተል ታዘዘ› የሚለው ዐረፍተ ነገር በችሎት ዜና ውስጥ የተለመደ ነው። ተከሳሹ ገና አልተፈረደበትም፤ የሚከታተለውም ጉዳይ ጥፋተኛ መሆኑ ወይም አለመሆኑ የሚለይበት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ያዛል፤ በአንቀጽ 21ም በጥበቃ ሥር ያሉትንና በፍርድ የታሰሩትን ለይቶ ይጠራል። ሕገ መንግሥቱ የለየውን ‹ታራሚ› አንድ ያደርገዋል። ፍርድ ቤት ከሁለት ዓመት በኋላ ‹ነፃ ነህ› ብሎ ያሰናበተው ሰው፣ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ምኑ ሲታረም ነበር? ቋንቋው ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም።

የተባበሩት መንግሥታት በ1955 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በ2015 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ በኔልሰን ማንዴላ ስም የተጠራው የእስረኞች አያያዝ ዝቅተኛ ደንብም ያልተፈረደባቸው ከተፈረደባቸው ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። ክፍሉ ተለይቶ ስሙ ሳይለይ ከቀረ መለየቱ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው የሚከብድ ነገር የሕጉ ሁለት ዓምዶች አለመስማማት ነው። በነጋሪት ጋዜጣ የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 365 በዐማርኛው ዓምድ ‹የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን›ን ሲያቋቁም በእንግሊዝኛው ዓምድ ያለው ስም ‹ፕሪዝንስ› ነው፤ ይህም እስር ቤቶች ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 138ም ዐማርኛው ‹ታራሚዎች› ያለውን እንግሊዝኛው ‹ፕሪዝነርስ›፣ ማለትም እስረኞች፣ ይለዋል። የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ዐማርኛ በመሆኑ ሕጉን የሚያነበው ሕዝብ ከሁለቱ የሚደርሰው የለዘበው ስም ነው። የውጭ አንባቢ ግልጹን ሲያገኝ የአገሩ ሰው ለምን የተሸፈነውን ያገኛል? ይህ ለሕግ አርቃቂዎቻችን የምናቀርበው ጥያቄ ነው።

የማለዘቡ ዝንባሌ በ‹ማረሚያ ቤት› ብቻ አያበቃም። በፖሊስ ጣቢያ ያለው የእስር ክፍል ‹ማረፊያ ቤት› ይባላል። ማረፊያ ቤት እንግዳ ከድካሙ የሚያርፍበት ነው፤ የተያዘ ሰው ግን 48 ሰዓት ሳይሞላ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሕገ መንግሥቱ ያዘዘው እያረፈ ስላልሆነ ነው። በአንጻሩ፣ ስያሜ ምንም ያህል ልዝብ ቢሆን ግብሩ ከከፋ ቃሉ ራሱ ይከፋል። ‹ማዕከላዊ› መካከለኛውን የሚያመለክት ተራ ቅጽል ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. እንዲዘጋ ከተደረገው የምርመራ ስፍራ የተነሣ ግን በአንድ ትውልድ ጆሮ የፍርሃት ስም ሆኗል። ግብርን በቃል መሸፈን ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው እንደማይሆን ይህ ያስረዳል።

፮. ለስያሜው የሚቀርበው መከራከሪያ

ፍርዳችን ሚዛኑን እንዳይስት ለስያሜው የሚቀርበውን መከራከሪያ እናቅርብ። ‹ማረሚያ ቤት› የሚለውን የሚደግፉ ሰዎች፣ ቅጣት ለበቀል ሳይሆን ለማቅናት መሆኑን ስሙ ይመሰክራል ይላሉ። ይህ ሐሳብ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካ የወህኒ ቤቶች ማኅበር በ1954 እ.ኤ.አ. ስሙን ከእስር ወደ እርማት የለወጠው በዚሁ አስተሳሰብ ነበር። በተጨማሪም ‹እስረኛ ነበር› የሚለው ቃል ከተፈታ በኋላ እንኳ ሰውን ሲያሳድድ ‹ታራሚ ነበር› የሚለው ግን ተመልሶ መቃናትን ያመለክታል ይላሉ።

ይህ ክርክር ክብደት አለው፤ ለተፈረደበት ሰው ሲሆን እኛም እንቀበለዋለን። ከዚህም አልፈን፣ ስሙ በተቋሙ ላይ ዕዳ መሆኑን እንጨምራለን። ራሱን ማረሚያ ብሎ የጠራ ቤት፣ ትምህርቱ፣ ሙያ ማስተማሪያውና ሕክምናው የት አለ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የተቋም ስም ግን የሚያወጣው ሕግ ስለ ሆነ፣ ሕግ ያወጣውን ስም ግብር እንዲከተለው መጠየቅ የሕዝብ መብት ነው። ነገር ግን ዓላማን የሚገልጽ ስም ለግብሩ ስም ምትክ ሊሆን አይችልም። ሐኪም ቤት የፈውስ ዓላማ ቢኖረውም ሕመምተኛውን ‹ተፈዋሽ› አንለውም።

መልካም የስያሜ ምሳሌ ከዚሁ መስክ ማግኘት ይቻላል፤ እርሱም ‹አመክሮ› ነው። ቃሉ በግእዝ መፈተንን ከሚያመለክተው ‹አመከረ› የወጣ ሲሆን፣ በገዳም ሥርዓት ለምንኩስና የሚዘጋጀው ሰው የሚፈተንበት ጊዜ ይጠራበታል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ከቅጣቱ ሦስት እጅ ሁለቱን እጅ፣ የዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት የፈጸመ ሰው በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ቃሉ የነገሩን ምንነት በትክክል ይናገራል፤ ሰውየው ገና በፈተና ላይ ነው። አይሸፍንም፣ አይፈርድም፣ ከቋንቋውም ጓዳ የወጣ ነው። የእስራት ቃላት ሁሉ በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ እንወድዳለን።

፯. የውሳኔ ሐሳብ

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተለውን ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች፣ ለሕግ አርቃቂዎችና ለጋዜጠኞች እናቀርባለን።

ሀ) ‹እስረኛ› በማናቸውም ምክንያት ነፃነቱ ለተያዘ ሰው ሁሉ የወል ስም ሆኖ ይጽና። ክብረ ነክ ቃል ተደርጎ እንዳይታይ፣ ስለ ጥፋት ምንም የማይናገር መሆኑ በመዝገበ ቃላት ፍቺው ውስጥ ይገለጽ።

ለ) ገና ላልተፈረደበት ‹የቀጠሮ እስረኛ›፣ ለተፈረደበት ‹ፍርደኛ› የሚሉት በሕዝቡ አፍ የሚገኙ ቃላት በጽሑፍም ይሠራባቸው። ሁለቱም አጭርና ግልጽ ናቸው፤ የፈጠራ ድካምም አይጠይቁም።

ሐ) ‹ታራሚ› ለፍርደኛ ብቻ፣ ያውም ስለ ትምህርትና ስለ ሙያ ሥልጠና በሚነገርበት ጊዜ ይዋል። ‹የሕግ ታራሚ› የሚለው ይቅር።

መ) ‹ማረሚያ ቤት› የተቋም መጠሪያ በመሆኑ በስምነቱ ይጻፍ፤ በመዝገበ ቃላት ግን ‹የመንግሥት አነጋገር› የሚል ምልክት ይደረግበት። ‹ወህኒ› ከአምባው ታሪክ ጋር፣ ‹ከርቸሌ› እና ‹ዘብጥያ› ከመጡበት ቋንቋ ጋር ይመዝገቡ፤ ‹ያረጁ› ተብለው አይጣሉ።

ሠ) ለፖሊስ ጣቢያው ክፍል ‹ማረፊያ ቤት› በሚለው ፈንታ ‹ማቆያ› ይባል። ይህ በውጭ አገር ችሎቶች ለሚያስተረጕሙ ወገኖቻችንም ይረዳል። በአሜሪካ ‹ጄይል›፣ ‹ፕሪዝን› እና ‹ዲቴንሽን› የተለያዩ ሲሆኑ፣ ሦስቱንም ‹እስር ቤት› ብሎ ማለፍ ስደተኛውን ስለ ራሱ ጉዳይ ሊያሳስተው ይችላል። ‹ማቆያ› እና ‹የፍርደኞች እስር ቤት› ተለይተው ቢነገሩ ሰሚው ያለበትን ያውቃል።

ቋንቋ ሰውን አያስርም፤ አይፈታምም። ሆኖም ሰውየው በምን ምክንያት እንደ ታሰረ ለመጠየቅ፣ በቅድሚያ መታሰሩን በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። በየክፍለ ሀገሩ የሚነገሩ ሌሎች የእስራት ቃላትን ከነአገባባቸው የሚልኩልን አንባብያን ቢኖሩ፣ በሚቀጥሉት እትሞች መርምረን ለማቅረብ ዝግጁ ነን።